ጨረቃዋ ስትርቅ፦ ማይክሮሶፍት ካርበኑን የቆጠረበት መንገድ

በጃንዋሪ 2020 አጋማሽ የማይክሮሶፍት ሦስት አለቆች፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሳትያ ናዴላ፣ ፕሬዚዳንቱ ብራድ ስሚዝና የፋይናንስ ኃላፊዋ ኤሚ ሁድ፣ ሬድመንድ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤታቸው መድረክ ላይ ወጥተው ቃል ገቡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ ሁለት ክፍል ነበረው። በ2030 ኩባንያው ከሚለቀው ካርበን ይልቅ ከአየር ላይ የሚያነሳው ይበልጣል። በ2050 ደግሞ ከተመሠረተበት ከ1975 ጀምሮ በቀጥታም ሆነ በተጠቀመው ኤሌክትሪክ ሳቢያ የለቀቀውን ሁሉ መልሶ ያነሳል።

በሜይ 2024 የወጣው የዘላቂነት ሪፖርት ግን ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። መነሻ ተደርጎ ከተያዘው ከ2020 የበጀት ዓመት ጋር ሲነጻጸር የኩባንያው ጠቅላላ ልቀት በ29.1 በመቶ ጨምሯል። ብራድ ስሚዝ በዚያው ሰሞን ለዜና ተቋሙ ብሉምበርግ ሲናገር ዕቅዳቸውን ወደ ጨረቃ ከመጓዝ ጋር አመሳስሎ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፈነዳ ወዲህ ጨረቃዋ በ2020 ከነበረችበት አምስት እጥፍ ርቃለች አለ።

ነገሩን «ቃሉን በላ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔን ያስቆመኝ ግን እዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለ ሌላ ጥንድ ቁጥር ነው። ኩባንያው በራሱ ግቢና በሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚለቀው በ6.3 በመቶ ቀንሷል። ሌሎች ለእሱ ሲሉ የሚለቁት ደግሞ በ30.9 በመቶ ጨምሯል። አንዱ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት የጭስ ማውጫ ማየት አይጠቅምም፤ የቆጠራውን ሕግ ነው ማየት የሚያስፈልገው።

«ገለልተኛ» የነበረ ኩባንያ

ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም። ከ2012 ጀምሮ ራሱን «ካርበን ገለልተኛ» እያለ ሲጠራ ቆይቷል። ትርጉሙ፣ ለሚለቀው ለእያንዳንዱ ቶን ሌላ ቦታ የተሠራ ማካካሻ የሚመሰክር ወረቀት ይገዛል ማለት ነው። ወረቀቱ የሚመሰክረው ነገር ላይ ነው ጥያቄው። አብዛኛው ካርበን ከአየር ስለመነሳቱ አይናገርም፤ ሊለቀቅ የነበረ ካርበን ሳይለቀቅ ስለመቅረቱ ነው የሚናገረው። ሊቆረጥ ታስቦ የተረፈ ደን አንዱ ምሳሌ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ በርሜል ውስጥ ውኃ እየጨመሩ አንደኛው ሌላኛውን «አንተ ተው፣ እኔ ልክፈልህ» ቢለውና የራሱን ግን ቢቀጥል፣ በርሜሉ ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይጎድልም።

በ2020ው መግለጫ ኩባንያው ይህንን በራሱ አንደበት አመነ። ገለልተኛ መሆን አይበቃም፣ እስካሁን የገዛነውም በአመዛኙ ልቀትን የሚያስቀር እንጂ ካርበንን የሚያነሳ አልነበረም አለ። ለስምንት ዓመት ሲኮራበት የኖረውን ማዕረግ ራሱ ዝቅ ማድረጉ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ማንም ጭስ አይመዝንም

የኩባንያ ልቀት የሚለካው በመሣሪያ ይመስለናል። በአብዛኛው ግን የሚለካው በደረሰኝ ነው። የነዳጅ ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የግዢ ሰነድ ይሰበሰብና እያንዳንዱ በሚገባው የልቀት ማባዣ ይባዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ 1,000 ሊትር የገዛ ጄኔሬተር 2.7 ቶን ተጻፈበት ማለት ነው። ሌሎቹ ጋዞች ሙቀት በማመቅ አቅማቸው ተመዝነው ወደ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይመነዘራሉ። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ወደ 28 እጥፍ ነው። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚያፈተልክ ጋዝ ደግሞ ከሺህ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የጥገና ሠራተኛው የሞላት አንዲት ሲሊንደር ጋዝ ሪፖርቱ ውስጥ ራሷን ችላ የምትታየው።

ይህን ሁሉ በመልክ በመልኩ የሚያስቀምጠው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የሚባለው መመሪያ ነው። የዓለም ሀብቶች ተቋምና የዓለም የንግድ ምክር ቤት ለዘላቂ ልማት በጋራ ያዘጋጁት ሲሆን የመጀመሪያው እትም በ2001 ወጣ። ልቀትን በሦስት ክልል ይከፍላል፤ ባለሙያዎቹ «ስኮፕ» ይሉታል። ስኮፕ 1 ኩባንያው በራሱ ቦይለር፣ ጄኔሬተርና መኪና የሚያቃጥለው ነው። ስኮፕ 2 የሚገዛው ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የወጣው ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው፦ ዕቃ አቅራቢዎቹ፣ የሠራተኞቹ ጉዞ፣ የሸጠው ዕቃ በደንበኛው ቤት የሚበላው ኃይል፣ በጠቅላላው 15 ዓይነት።

ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2020 ያስቀመጠው ግምት እንዲህ ነበር፦ ስኮፕ 1 ወደ 100 ሺህ ቶን፣ ስኮፕ 2 ወደ 4 ሚሊዮን ቶን፣ ስኮፕ 3 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን። ድምሩ 16 ሚሊዮን።

አሁን ይህን ቁጥር ከ2024ቱ ሪፖርት ጎን አስቀምጡት። እዚያ የ2023 የበጀት ዓመት ጠቅላላ ልቀት ወደ 15.4 ሚሊዮን ቶን ነው፤ ይህም ከመነሻው በ29.1 በመቶ ይበልጣል ተብሏል። ወደ ኋላ ብናሰላው መነሻው 12 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። 16 ሚሊዮን የነበረው ዓመት እንዴት 12 ሆነ? የመጀመሪያው ግምት ነበር፣ ኋላ ጠራ የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። በዚያው ሪፖርት ስኮፕ 3 ብቻውን ከጠቅላላው ከ96 በመቶ በላይ ነው፤ ስኮፕ 1 እና 2 ተደምረው ከ4 በመቶ በታች፣ ማለትም ወደ 600 ሺህ ቶን ወይም ከዚያ ያነሰ መሆናቸው ነው። ይህ ከመነሻው በ6.3 በመቶ የቀነሰ ከሆነ መነሻውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ታዲያ የጃንዋሪው 4 ሚሊዮን ቶን ኤሌክትሪክ የት ገባ?

አንድ ቢል፣ ሁለት ሂሳብ

መልሱ የስኮፕ 2 ሕግ ውስጥ ነው፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍም ይኸው ይመስለኛል። ከ2015 ጀምሮ ፕሮቶኮሉ ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ ልቀታቸውን በሁለት መንገድ እንዲያሰሉ ይጠይቃል። የመጀመሪያው በቦታ ነው። የዳታ ማዕከልህ፣ ማለትም ሰርቨር የሚባሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ሕንፃ፣ ያለበት የኤሌክትሪክ መረብ በአማካይ ምን ያህል የድንጋይ ከሰል፣ ምን ያህል ጋዝ፣ ምን ያህል ንፋስ እንደሚጠቀም ታይቶ የበላኸው ኪሎዋት ሰዓት በዚያ አማካይ ይባዛል። ሁለተኛው በውል ነው። ከንፋስ ወይም ከፀሐይ ኃይል አመንጪ ጋር የግዢ ውል ካለህ፣ ወይም የታዳሽ ኃይል ምስክር ወረቀት ከገዛህ፣ ያ መጠን በዜሮ ይመዘገብልሃል። ሽቦው ላይ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ያው ነው፤ የሚለወጠው ማን በስሙ እንዳስመዘገበው ነው።

የማይክሮሶፍት የ2023 የበጀት ዓመት ኤሌክትሪክ በቦታ ሲሰላ ወደ 8 ሚሊዮን ቶን ነው። በውል ሲሰላ ከ400 ሺህ ቶን በታች ነው። ሃያ እጥፍ ልዩነት! የጃንዋሪ 2020ው 4 ሚሊዮን የሚገጥመው ከመጀመሪያው ስሌት ጋር ነው፤ «6.3 በመቶ ቀነሰ» የተባለው ግን የተቆጠረው በሁለተኛው ነው። በቦታ ስሌት ካየነው በነዚያ ሦስት ዓመታት የኤሌክትሪክ ልቀቱ እጥፍ ገደማ ሆኗል።

ታዲያ ቅናሹ ውሸት ነው? አይደለም። ኩባንያው ሁለቱንም ቁጥር ራሱ አትሟል፤ የተደበቀ ነገር የለም። ከዚያም በላይ ውል ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ኩባንያ ገና ያልተተከለ የንፋስ ማመንጫ ኃይል ለ15 ወይም ለ20 ዓመት እገዛለሁ ብሎ ሲፈርም ባንኩ በዚያ ውል ተማምኖ ያበድራል፣ ማመንጫው ይተከላል። ያለ ውሉ የማይኖር ነገር ተፈጠረ ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከተሠራ ግድብ በርካሽ የተገዛ የምስክር ወረቀት ግን ያለ ገዢውም ይመነጭ የነበረን ኃይል ስም ከማዛወር አያልፍም። ሁለቱም መዝገብ ላይ ዜሮ ሆነው ይቀመጣሉ። ማይክሮሶፍት በሜይ 2024 ብሩክፊልድ ከተባለው ኩባንያ ጋር ለ10.5 ጊጋዋት አዲስ ታዳሽ ኃይል መፈራረሙ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ሰዓትም አለ። የፀሐይ ኃይል እኩለ ቀን ላይ ተትረፍርፎ ሌሊት ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ግን አይተኛም። ዓመታዊ ድምር ላይ «መቶ በመቶ ታዳሽ» የሆነ ኩባንያ ሌሊት ሌሊት ጋዝ እየነደደለት ሊያድር ይችላል። ማይክሮሶፍት ይህንን አውቆ በ2021 ሌላ ግብ ጨመረ፦ በ2030 መቶ በመቶ ኤሌክትሪኩ፣ መቶ በመቶ ጊዜውን፣ ካርበን ከማያወጣ ምንጭ ጋር እንዲገጥም። ከዓመታዊው ሂሳብ በጣም የከበደ ግብ ነው።

ስኮፕ 3፦ የሌሎች ጭስ

ከ96 በመቶ በላይ የሆነውን ነገር በዚህ ያህል ማዘግየቴ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ሪፖርት አንባቢውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስኮፕ 1 እና 2 ንጹሕ ቁጥሮች ናቸው፣ ስኮፕ 3 ደግሞ ጭጋግ ነው። ጭጋጉን ለመረዳት ሦስት የቆጠራ ልማዶችን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ስለሚሸጥ ዕቃ ነው። ኤክስቦክስ የተባለው የጌም ማጫወቻ በተሸጠበት ዓመት፣ በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ በገዢው ሳሎን የሚበላው ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ በማይክሮሶፍት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ብዙ የተሸጠበት ዓመት ብዙ ልቀት ያለበት ዓመት ነው። መፍትሔው ግን በእጅ ነበር። መሣሪያው «እንቅልፍ» ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበላል፤ በኃይል ቆጣቢው አጠፋፍ ግን 0.5 ዋት ብቻ። በቀን 20 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል ብንል፣ በ12 ዋት ሂሳብ በዓመት ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ በ0.5 ዋት 4 እንኳ አይሞላም። ኩባንያው ቆጣቢውን አማራጭ ከጅምሩ የተመረጠ እንዲሆን አደረገው። ፋብሪካ አልተቀየረም፣ ሽቦ አልተነካም፤ አንድ የሶፍትዌር ምርጫ ነው። ስኮፕ 3 መቆጠሩ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ቁጥሩ ባይጻፍ ማንም ወደዚያ ቁልፍ አይሄድም ነበር።

ሁለተኛው ልማድ ስለ ቋሚ ንብረት ነው። በገንዘብ ሂሳብ አንድ ሕንፃ ሲገነባ ወጪው በእርጅና ቅናሽ ለብዙ ዓመታት ይከፋፈላል። በካርበን ሂሳብ ግን አይከፋፈልም። በሲሚንቶው፣ በብረቱና በሰርቨሩ ምርት የወጣው ልቀት በሙሉ ንብረቱ በተያዘበት ዓመት ይመዘገባል። ስለዚህ ግንባታ የበዛባቸው ዓመታት መዝገቡ ላይ እንደ ተራራ ይቆማሉ። ለ29.1 በመቶው ጭማሪ ኩባንያው ራሱ የሰጠው ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፦ አዳዲስ የዳታ ማዕከላት መገንባታቸውና በውስጣቸው የሚገቡት ቺፖች፣ ሰርቨሮችና መደርደሪያዎች የተሸከሙት ካርበን።

ሦስተኛው ልማድ ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳስበኛል። አቅራቢው ትክክለኛ ቁጥር ሳይሰጥ ሲቀር ገዢው የከፈለውን ገንዘብ ወስዶ ለዚያ ዘርፍ በተተመነ አማካይ ያባዘዋል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ብረት ይህን ያህል ቶን ነው ተብሎ ይጻፋል። አሁን ኩባንያው ከተለመደው ብረት ትቶ በሃይድሮጅን የተመረተ፣ ልቀቱ እጅግ ያነሰ፣ ዋጋው ግን የከበደ ብረት ገዛ እንበል። በዚህ ስሌት ልቀቱ ጨመረ! ርካሽና ጭሳም አቅራቢ ያገኘ ኩባንያ ደግሞ ልቀት የቀነሰ ይመስላል። መለኪያው ጥሩውን ሥራ ሲቀጣ፣ ሥራ አስኪያጁ በቅን ልቦና ቢሠራም መዝገቡ ይቃወመዋል። ከዚህ ለመውጣት ብቸኛው መንገድ አቅራቢው የራሱን ልክ እንዲናገር ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት ከጁላይ 2020 ጀምሮ አቅራቢዎቹ የሦስቱንም ስኮፕ ልቀት እንዲያሳውቁ በሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ ማስገባቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከብዙ ትልልቅ ዜናዎች ይበልጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር፤ በጃንዋሪ 2021 ኩባንያው ልቀቱን በ6 በመቶ፣ ማለትም በ730 ሺህ ቶን ገደማ መቀነሱን አሳወቀ። በቀጣዩ ዓመት ግን ስኮፕ 3 በአንድ ጊዜ ወደ 23 በመቶ ዘለለ። ማንቂያው ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ በፊት ነበር የተደወለው። «ጥፋቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው» የሚለው ታሪክ ስለዚህ ሙሉ አይደለም፤ ለክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ለሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት፣ የሚደረገው ግንባታ ቀድሞ ጀምሮ ነበር።

ቶን በዶላር

ማይክሮሶፍት ከሌሎች ቀድሞ የሠራው ነገር የውስጥ የካርበን ክፍያ ነው። ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ለሚለቀው ቶን ከራሱ በጀት ለኩባንያው ይከፍላል። በ2020 ዋጋው በቶን 15 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ክፍያው ደረጃ በደረጃ ወደ ስኮፕ 3ም እንዲዘልቅ ተደረገ፤ ለሥራ ጉዞ ደግሞ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ወደ 100 ዶላር ከፍ አለ።

ብልሃቱ ግልጽ ነው። የአካባቢ ጉዳይ ባለሙያው በስብሰባ ላይ የሚያነሳው ነገር የነበረው፣ የፋይናንስ ሰው በየሩብ ዓመቱ የሚያየው መስመር ይሆናል። አንድ ክፍል ኃላፊ ሁለት ሰው ለአንድ ቀን ስብሰባ ውቅያኖስ ሲያሻግር ትኬቱ ብቻ ሳይሆን ቶኑም ይቆጠርበታል። ጉዞ ላይ 100 ዶላር ሊያሳስብ ይችላል።

ሕንፃ ላይ ግን አይሠራም። በጃንዋሪ 2025 ብራድ ስሚዝ ኩባንያው በ2025 የበጀት ዓመት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚያገለግሉ የዳታ ማዕከላት ላይ ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገለጸ። እስቲ ለግምት ያህል የ2023ቱን 15.4 ሚሊዮን ቶን በሙሉ በ15 ዶላር እናባዛው፦ 231 ሚሊዮን ዶላር። ዓመቶቹ አንድ ባይሆኑም የልኩን ነገር ያሳያል። ከ80 ቢሊዮኑ አንድ በመቶ አይሞላም፤ የአንድ በመቶ ሲሶ እንኳ አይሆንም። ተፎካካሪው እየቀደመው ነው ብሎ የፈራ ኩባንያ በዚህ ዋጋ የአንድ ሕንፃ መሠረት እንኳ አያዘገይም። የ15 ዶላሩ ክፍያ አልከሸፈም፤ ለሌላ ዓይነት ውሳኔ ነው የተሠራው።

ኮንክሪት፣ ብረት፣ ቺፕ

ስለዚህ ኩባንያው በገንዘብ ምልክት ያላገኘውን በውል ለማግኘት ተነሳ። ከ2024ቱ ሪፖርት ጋር አብሮ የወጣው አንዱ እርምጃ፣ የተመረጡ ትልልቅ አቅራቢዎች ለሚያቀርቡት ዕቃና አገልግሎት በ2030 መቶ በመቶ ከካርበን ነጻ ኤሌክትሪክ እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ነው።

ይህ ለቺፕ ፋብሪካ ትርጉም አለው፤ ኤሌክትሪክ በብዛት ይበላልና። ግን ኤሌክትሪኩ ሁሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የቺፕ ሥራ ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድን የመሰሉ ጋዞች ይጠቀማል፤ ይህ ጋዝ ከካርበን ዳይኦክሳይድ ወደ 16 ሺህ እጥፍ የከፋ ነው። በመብራት ውል አይወገድም፤ በፋብሪካው ጭስ መውጫ ላይ ማጥፊያ መግጠም ይጠይቃል። ሲሚንቶም እንደዚያው ነው። ከልቀቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ አይመጣም፤ ኖራ ድንጋዩ ራሱ በሙቀት ሲበተን በውስጡ የያዘውን ካርበን ነው የሚለቀው። ምድጃውን በፀሐይ ብታግለው ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ የተጀመሩት ሁለት የዳታ ማዕከላት ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ ኮንክሪትና ብረቱ በከፊል እርስ በርሱ በተነባበረ ጠንካራ ጣውላ ተተክቷል። በኩባንያው ስሌት የሕንፃው ልቀት ከተለመደው የብረት ግንባታ በ35 በመቶ፣ ከተገጣጣሚ ኮንክሪት ደግሞ በ65 በመቶ ያንሳል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ የሚመለከተው ግን ሕንፃውን እንጂ በውስጡ የሚደረደሩትን ሰርቨሮች አይደለም።

የማንሳት ገበያ

«ከሚለቀው የበለጠ ያነሳል» የሚለው ቃል እንዲሞላ የሚነሳ ካርበን መገዛት አለበት። በጃንዋሪ 2021 ኩባንያው ከ15 አቅራቢዎች፣ በ26 ፕሮጀክቶች 1.3 ሚሊዮን ቶን መግዛቱን አስታወቀ። አብዛኛው ደንና አፈር ነበር። ክላይምወርክስ የተባለው፣ ካርበንን በማሽን ከአየር አጣርቶ አለት ውስጥ የሚቀብረው ድርጅት ድርሻ 1,400 ቶን ብቻ ነበር። ምክንያቱ ዋጋ ነው፤ ዛፍ ርካሽ ነው፣ ማሽን ውድ ነው።

ዛፍ ደግሞ ይቃጠላል። በጁላይ 2021 በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ቡትሌግ የተባለው ሰደድ እሳት ሲነሳ፣ ማይክሮሶፍት ምስክር ወረቀት ከገዛባቸው ደኖች አንዱ እሳቱ ከደረሰባቸው መካከል ነበር። እንዲህ ላለው ቀን የመጠባበቂያ ቋት አለ፤ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ጥቂት እየተቀነሰ የሚቀመጥ። ይሁን እንጂ ከድንጋይ ከሰል የወጣ ካርበን አየር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቆይ፣ ማካካሻው በአንድ የበጋ ወር ሊነድ የሚችል መሆኑ የሚያስጨንቅ አለመመጣጠን ነው።

ኋላ የተፈረሙት ውሎች ወደ ዘለቄታው አዘንብለዋል። በ2023 ከዴንማርኩ የኃይል ኩባንያ ኦርስቴድ ጋር ለ2.76 ሚሊዮን ቶን፣ በ2024 ከስዊድኑ ስቶክሆልም ኤክሰርጂ ጋር ለ3.33 ሚሊዮን ቶን ተዋዋለ። ሁለቱም የእንጨት ተረፈ ምርት ሲነድ የሚወጣውን ካርበን ይዘው ከምድር በታች የሚቀብሩ ናቸው። በ2023 የበጀት ዓመት በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ውል ገባ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ውል ማለት ማንሳት ማለት አይደለም። የኦርስቴዱ 2.76 ሚሊዮን በ11 ዓመት ተከፋፍሎ የሚመጣ ነው፤ በዓመት 250 ሺህ ቶን ገደማ። ዓመታዊ ልቀቱ 15.4 ሚሊዮን ነው። አንዱን ቁጥር ከሌላው ጎን አስቀምጦ «ሲሶውን ሸፍኗል» የሚል ዜና ካያችሁ፣ የብዙ ዓመት ድምርን ከአንድ ዓመት ልቀት ጋር እያነጻጸረ ነው።

የ2025 ቁጥሮች

በ2025 የወጣው ሪፖርት ጭማሪው ከ2020 ወዲህ 23.4 በመቶ ነው አለ፤ ከባለፈው ዓመት 29.1 ዝቅ ብሏል። አጠገቡ ሁለት ቁጥሮች ተቀምጠዋል፦ በዚሁ ጊዜ የኃይል ፍጆታው በ168 በመቶ፣ ገቢው በ71 በመቶ አድጓል። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሥራችን ካደገው አንጻር ልቀቱ ብዙም አልጨመረም።

በኩባንያ ዓይን እውነት ነው፣ የሚናቅም አይደለም፤ በአንድ ዶላር ገቢ የሚወጣው ካርበን ቀንሷል። የ2020ው ቃል ግን በአንድ ዶላር ስለሚወጣ ካርበን አልነበረም። ስኮፕ 3ን በ2030 ከግማሽ በላይ እንቀንሳለን ነበር የተባለው፤ በቶን ነው። 168 በመቶ ያደገ ፍጆታ ጠቅላላውን በ23.4 ብቻ ከፍ ያደረገውም ኤሌክትሪኩ በውል ስለተቆጠረ ነው፤ በቦታ ቢቆጠር ሥዕሉ ሌላ ይሆን ነበር።

ሕጉ ራሱ ግን እየተነካ ነው። የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል አዘጋጆች በኦክቶበር 2025 ለሕዝብ አስተያየት ባቀረቡት ረቂቅ፣ የውል ስሌቱ በዓመት ድምር መሆኑ ቀርቶ በየሰዓቱ እንዲገጥም፣ ኃይሉም በእርግጥ ሊደርስ ከሚችልበት መረብ እንዲመጣ ሐሳብ አቅርበዋል። እንዲህ ያለ ሕግ ከጸና 8 ሚሊዮን ገደማ የሆነው የቦታ ቁጥርና ከ400 ሺህ በታች ያለው የውል ቁጥር መቀራረባቸው አይቀርም።

ሌሊትም የሚሠራ፣ ካርበን የማያወጣ ኃይል ፍለጋው ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሴፕቴምበር 2024 ኮንስተሌሽን የተባለው የኃይል ኩባንያ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለውን የስሪ ማይል አይላንድ አንደኛውን የኒውክሌር ማብላያ ለማይክሮሶፍት ሲል እንደገና እንደሚያስነሳ አስታወቀ። በ1979 አደጋ የደረሰበት ሁለተኛው ነው፤ ይኼኛው በ2019 አላዋጣ ብሎ የተዘጋው ነው። 835 ሜጋዋት፣ የ20 ዓመት ውል፤ ሲፈረም ሥራ እንዲጀምር የታሰበው በ2028 ነበር። በ2023 የበጀት ዓመት የተመዘገበው ኮንክሪት አንዴ ተመዝግቧል፣ ተመልሶ አይጻፍም። በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች የሚበሉት ኤሌክትሪክ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጻፋል።